የፊት መስመርና የወረቀት መስመር

ሰው ፊቱን ለማለስለስ ቅባት ይገዛል፤ ፎቶግራፉን ለማሻከር ደግሞ ለባለሙያ ይከፍላል። ባሕር ዳር ውስጥ፣ ሹም አቦ ሰፈር በምትገኝ አንዲት ጠባብ ፎቶ ቤት ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጬ የሰው መልክ ሳበጃጅ ስውል፣ በየዕለቱ የሚገጥመኝ እንቆቅልሽ ይህ ነው። የሰርግ ወራት ሲሆን ሙሽሮች ትናንት የተነሡትን ፎቶግራፍ ይዘው ይመጡና «የድሮ አስመስልልን» ይላሉ። የሐዘን ቤት ሰዎች ደግሞ በእርግጥም የድሮ የሆነውን ይዘው ይመጡና «አዲስ አድርግልን» ይላሉ። ለአንዱ ያልኖረውን ዘመን እጨምርለታለሁ፤ ከሌላው የኖረውን ዘመን እፍቅበታለሁ። ሁለቱም ሥራ የሚከናወነው በአንድ ጠረጴዛ ላይ፣ በአንድ ማውስ ነው።

በሙያው «ቴክስቸር» የምንለው ነገር ሲገለጥ ሌላ ምሥጢር የለውም፤ ሁለተኛ ፎቶግራፍ ነው። የጭቃ ግድግዳ፣ የዛገ ቆርቆሮ፣ የተጨማደደ ወረቀት ወይም የድንጋይ ገጽ ይነሣና ከሰውዬው ምስል በላይ እንደ ስስ ነጠላ ይለበሳል። ፎቶሾፕ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1990 ሲሆን፣ ምስልን በምስል ላይ ሳያዋሕዱ መደራረብ የተቻለው ግን እ.ኤ.አ. በ1994 በሦስተኛው እትሙ «ሌየር» የተባለው ንብርብር ከመጣ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ጥያቄው ምን ይደረብ ብቻ ሳይሆን እንዴት ይደረብ የሚል ሆነ። «መልቲፕላይ» የተደራቢውን ነጭ አጥፍቶ ጥላውን ብቻ ያስቀራል፤ ምስሉንም ያጠቁረዋል። «ስክሪን» የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ጥቁሩን አጥፍቶ ብርሃኑን ይጨምራል። «ኦቨርሌይ» ሁለቱን ያጣምራል፤ የታችኛው ምስል ጨለማ በሆነበት እንደ መጀመሪያው፣ ብሩህ በሆነበት እንደ ሁለተኛው ይሠራል።

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ጥቂት ታገሠኝ። ነገሩ ሒሳብ ቢመስልም የፊታችን ጉዳይ ነውና።

የብርሃን መጠን በኮምፒዩተር ከ0 እስከ 255 ይቆጠራል። «ኦቨርሌይ» እጅግ በጨለመውና እጅግ በነጣው ላይ ጉልበት የለውም፤ ጉልበቱ ያለው መካከሉ ላይ ነው። እንግዲህ አንድ የግድግዳ ስንጥቅ ከመካከለኛው ግራጫ በ20 ነጥብ ያህል ይለያል እንበል። 225 ላይ ባለ የነጣ ጉንጭ ላይ ብናሳርፈው የሚያመጣው ለውጥ 5 እንኳ አይሞላም። 118 ላይ ባለ ጠይም ጉንጭ ላይ ብናሳርፈው ግን ለውጡ ወደ 18 ይጠጋል። ያው ስንጥቅ፣ ያው መጠን፤ በአንደኛዋ ላይ የጉም ጥላ፣ በሌላይቱ ላይ ጠባሳ ይሆናል። ትምህርቱን የሚያስተምሩት ቪዲዮዎች አብዛኞቹ የሚሠሩት በነጣ ፊት ላይ ስለሆነ፣ «እስከ 60 በመቶ አድርጉት» ያሉትን ቃል በቃል የተቀበለ ጀማሪ የጎረቤቱን ልጅ ፊት የፈረሰ አጥር ያስመስለዋል። ይህ ዓይነቱ ነገር በኮምፒዩተር አልተጀመረም። በፊልም ዘመን የኮዳክ ማተሚያ ቤቶች ቀለም ያስተካክሉበት የነበረው «ሸርሊ ካርድ» ለብዙ ዓመታት የአንዲት ነጭ ሴት ምስል ነበር፤ የእኛ መልክ በዚያ ሚዛን ሲመዘን ጠቁሮ ይወጣ እንደነበር በየአልበማችን ያለ ምስክር ነው።

ስለዚህ እኔ በጠይም ፊት ላይ ከ15 እስከ 25 በመቶ ባለው እወሰናለሁ። ከዚያ በላይ ሲሆን መጀመሪያ የሚሞተው ወዝ ነው። ወዝ ስል ላቡን ወይም ቅባቱን ማለቴ አይደለም፤ ከጉንጭና ከግንባር ላይ የምትፈልቀውን፣ ሰውየው በሕይወት እንዳለ የምትናገረውን ያችን ብርሃን ማለቴ ነው። ግድግዳ ወዝ የለውም።

ቀጥሎ የሚመጣው የዐይን ነገር ነው። «ማስክ» በሚባለው መሸፈኛ ቴክስቸሩን ከዐይንና ከአካባቢው እገፈዋለሁ። ይህንን ያስተማሩኝ የጣና ገዳማት ሥዕሎች ናቸው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። በዑራ ኪዳነ ምሕረት የመቅደሱን ግድግዳ የሸፈኑት ሥዕሎች በጨርቅ ላይ ተሥለው የተለጠፉ ናቸው፤ እንዲህ ያለ ሥዕል ሲያረጅ ጨርቁ ይሳሳል፣ ቀለሙ ይሰነጠቃል፣ ጢስ ይጠጣል። ይሁንና በሥዕላችን ወግ ጻድቁ በሁለት ዐይኑ ይመለከታል፤ ክፉው በጎኑ ዞሮ አንድ ዐይኑ ብቻ ይታያል። ቀለሙ ቢላላጥም ሁለቱ ዐይኖች ካሉ ሥዕሉ አለ። በደቅ ደሴት፣ በናርጋ ሥላሴ፣ ያሠራችው እቴጌ ምንትዋብ ከእመቤታችን ሥዕል ግርጌ ተደፍታ ትታያለች። ሥዕሉ የ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ዘመን የዳሰሰው ገጽ ነው፤ ግን ዘመኑን ማንም አልደረበበትም፤ ራሱ ኖሮት ነው።

ከበይነ መረብ በነጻ የሚወርዱ የአውሮፓ አሮጌ ግድግዳዎች ሞልተዋል። እኔ ግን የራሴን ማንሣት መረጥኩ፤ የጭድ ዘለላ የሚታይበት የጭቃ ምርግ፣ ፀሐይ የመታው የታንኳ ደንገል፣ የባሕር ዳር ጥቁር ድንጋይ፣ ቀለሙ የተቀረፈ የቆርቆሮ በር። አንድ ሰው ዘመን ከተጨመረለት አይቀር አጥሩን በሚያውቀው ዘመን ይሁንለት ብዬ ነው። ከሁሉም የምወደው ብራና ነው። የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ተወጥሮ፣ ተፍቆ፣ ደርቆ ብራና ሲሆን የጠጉሩ ሥር ነጠብጣብ አንዳንድ ጊዜ አይጠፋም። ቆዳው በፍቂያ ጊዜ ከተቀደደ ቀዳዳው ይሰፋል፤ ካልተሰፋም ቁም ጸሐፊው ቀዳዳውን ዞሮ ይጽፋል። ቃሉን በጉድለቱ ላይ አይጽፍም፤ ጉድለቱንም አይደብቅም። ለእኔ ሥራ ከዚህ የተሻለ መመሪያ አላገኘሁም።

ከሁሉ የከበደኝ ግን መጨመሩ ሳይሆን መቀነሱ ነው። አንድ ቀን በዕድሜ የምትበልጠኝ ሴት ጥቁር ለብሳ መጣችና ከመሐረቧ ውስጥ የመታወቂያ ጉርድ ፎቶግራፍ ፈታች። «ወንድምዓለም፣ ይችን አጽድተህ አሳድግልኝ፤ ለአርባዋ ነው» አለችኝ። እናቷ ናት። ከዚህች ጉርድ በቀር ሌላ ምስል የላትም። ወረቀቱ ለሁለት ታጥፎ ኖሯል፤ እጥፋቱ ግንባሯን አቋርጦ በመስቀል ንቅሳቷ መካከል ያልፋል። የማኅተሙ ሐምራዊ ቀለም ግራ ጉንጯ ላይ አርፏል። አንገቷ ላይ የንቅሳት ረድፍ አለ፤ ከአጠገቡም የወረቀት ጭረት።

ለዚህ ዓይነቱ ሥራ «ደስት ኤንድ ስክራችስ» የሚባል ማጣሪያ አለ። ከአካባቢው የተለየች ትንሽ ነጥብ ወይም ቀጭን መስመር ባየ ቁጥር ያለሰልሳል። ንቅሳትንና ጭረትን ለይቶ አያውቅም፤ ለእርሱ ሁለቱም እድፍ ናቸው። ስለዚህ «እትዬ፣ እዚህ ከጎኔ ይቀመጡና መስመሩን አንድ በአንድ ይንገሩኝ» አልኳት። ምስሉን ስክሪኑን እስኪሞላ ድረስ አሳደግሁት። ለጥቂት ጊዜ ዝም ብላ አየችው፤ እናቷን እንዲህ ቀርባ ያየቻት በሕይወት ሳለች ብቻ ነበር። ከዚያ በጣቷ እየጠቆመች ጀመረች።

«ይሄ የእማዬ ነው። ይሄ የወረቀቱ ነው። ይሄም የወረቀቱ።»

«ይህችስ ከቅንድቡ በላይ ያለችው?»

«እሷማ የእማዬ ናት። ውኃ ቀድታ ስትመለስ ወድቃ ነው፤ እኔን አዝላኝ ነበር አሉ።»

አንድ መስመር ግን ከአፏ ጥግ ወደ ታች የሚወርድ አስቸገረን። የማን እንደሆነ ልትወስን አልቻለችም። ስልኳን አውጥታ ለአክስቷ ደወለች፤ ነገሩን አስረዳች። አክስቲቱ በድምፅ ማጉያው «እዚያ ላይ መስመር የሚወጣባት ስትስቅ ብቻ ነው፤ ለመታወቂያው ስቃለች?» አሉ። አልሳቀችም። «እንግዲያው የወረቀቱ ነው» አሉ፤ ጠፋ። ማኅተሙንም «እሱስ ከመታወቂያው ጋር ይቅር» ብላ አስነሣችኝ። አንድ ሰዓት ያህል ፈጀብን። ያን ሰዓት እንደ ሥራ አልቆጠርኩትም፤ ለቅሶ የተቀመጥኩ ያህል ነበር።

አሁን ደግሞ ይህንን ሁሉ በአፍታ የሚጨርሱ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መተግበሪያዎች በየስልኩ ገብተዋል። የደበዘዘውን ጉርድ ሲሰጧቸው ጥርት ያለ ፊት ይመልሳሉ፤ የቆዳው ቀዳዳ ሳይቀር ይታያል። ያ ቆዳ ግን የሟቿ አይደለም። መሣሪያው ከተማረባቸው እልፍ ፊቶች ገምቶ የደረበው ነው። እኛ በእጃችን ከምናለብሰው ቴክስቸር የሚለየው፣ የእኛው ግድግዳ መሆኑ ሲያስታውቅ የእርሱ ግን ፊት መምሰሉ ነው። አክስት ደውሎ አይጠይቅም፤ ያላወቀውን መስመርም ባዶ አይተወውም።

ይህን እያሰብኩ ለሙሽሮችም አንድ ልማድ አበጅቻለሁ። የድሮ አስመስሎ መሥራቱን እሠራላቸዋለሁ፤ ደስታቸው ነው፣ ያምርባቸዋልም። ነገር ግን ንብርብሮቹን አላዋሕድም። ምንም ያልተደረበበትን የፊታቸውን ምስልም ለብቻው በፍላሽ አድርጌ እሰጣቸዋለሁ። አንዳንዶቹ «ይሄ ለምን ያስፈልገናል?» ብለው ይስቃሉ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ያ ፎቶግራፍ በእርግጥ ያረጃል፤ እነርሱም እንዲሁ። የዚያን ጊዜ አንዲት ልጅ ምስሉን ይዛ «ይህ መስመር የእናቴ ነው ወይስ የግድግዳው?» ብላ ብትጠይቅ፣ መልሱ የሚገኝበት አንድ ቦታ ይኑር ብዬ ነው።