ድመት በቤት ሲበዛ

በደጋው አገራችን በአዊ ምድር፣ ገብስና ድንች ከጓዳ በማይጠፋበት ቤት፣ ድመት እንደ ቤተ ሰብ እንጂ እንደ እንግዳ አትቆጠርም። ጎተራ ካለ አይጥ አለ፤ አይጥ ካለም ድመት ታስፈልጋለች። በዚህ የሚከራከረን ሰው አይኖርም። ዛሬ ልንጽፍ ያሰብነው ግን ስለ አንዲቱ ድመት ጥቅም ሳይሆን፣ በርስዋ ላይ ሌላ፣ በሌላውም ላይ ሌላ ስንጨምር ስለ ደረሰብን ነገር ነው። ጥፋቱ የድመቶቹ ሳይሆን የራሳችን ስለ ነበረ ሳንሸሽግ እንናገራለን።

በ2008 ዓ.ም. ክረምት፣ ከዘንገና ሐይቅ ብዙ በማይርቀው ቤታችን አይጥ እጅግ በዛ። የገብሱን ጆንያ ቀደደ፤ ለዘር ያስቀመጥነውን ድንች ቦረቦረ፤ በመጨረሻም አባታችን ያወረሱንን የብራና ዳዊት፣ በሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ሳለ፣ ዳር ዳሩን በላው። በልጅነታችን የደገምንበት መጽሐፍ ነበረና ከገብሱ ይልቅ ለርሱ አዘንን። ብራና ቆዳ መሆኑን አይጥ ከእኛ ይልቅ ያውቃል።

በነሐሴ ወር ከአንድ ጎረቤት ቡራቡሬ እንስት ድመት ተቀብለን አመጣን። ገና ልጅ ነበረች፤ ነገር ግን መስቀል ሲደርስ በጓዳችን የአይጥ ድምፅ ጠፍቶ ነበር። በዚህ ላይ ማቆም ይገባን ነበር። እኛ ግን «አንዲቱ ይህን ያህል ከሠራች ሁለቱ ምን ያህል ይሠራሉ?» ብለን አሰላን። ሒሳብ የሚያስተምር ሰው እንዲህ ያለውን ስሌት መሳቱ የሚያሳፍር ነው። ለባለቤታችንም ምክንያት አቀረብንላት፤ በደብረ ዳሞ ገዳም እንስት እንስሳ እንኳ እንደማይወጣ፣ በግሪክ አገር በአቶስ ተራራም ተመሳሳይ ሥርዐት ሲኖር፣ እዚያ ለድመት ብቻ ስለ አይጥ ሲባል እንደ ተፈቀደላት ነገርናት። እርስዋም «መነኮሳቱ ልጅ አያሳድጉም፤ ጎረቤትም የላቸውም» አለችን። መልሱን ያገኘነው ከዓመት በኋላ ነው።

በጥቅምት 2009 ዓ.ም. ከእንጅባራ ገበያ ከአንድ እህል ነጋዴ ወንድ ድመት አመጣን። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤታችን ሰላም አልነበረም። ድመት ከምድረ በዳው የዱር ድመት የተገኘች ናት፤ ያ የዱር ድመት ዛሬም በአገራችን ይኖራል። እርሱም እንደ አንበሳ በመንጋ የሚያድን አይደለም፤ ብቻውን ያድናል፤ ድንበሩንም በሽንቱ ያሰምራል። በቆጵሮስ ደሴት ከ9,500 ዓመት በፊት ከሰው ጋራ የተቀበረ ድመት ተገኝቶአል፤ ከሰው ጋራ የኖረበት ዘመን ይህን ያህል ረጅም ሲሆን የድንበሩን ነገር ግን አልተወም። «ድመት መንኩሳ ዐመሏን አትረሳ» ያሉት አባቶቻችን ይህን አይተው ነው። የእኛም ወንድ ድመት ድንበሩን ሲያሰምር የመረጠው ቦታ የመጽሐፉን ሣጥን ሆነ። አይጥ ዳሩን የበላውን ዳዊት፣ ከአይጥ ይጠብቀው ዘንድ ያመጣነው ድመት ማኅደሩን አበላሸው። ሽታው ከቆዳው ዛሬም ፈጽሞ አልለቀቀም።

እንስት ድመት በስድስት ወር ዕድሜዋ፣ አንዳንዴም ከዚያ በፊት፣ ልትፀንስ ትችላለች፤ የምትሸከመውም ዘጠኝ ሳምንት ያህል ብቻ ነው። ቡራቡሬዋ በሚያዝያ ሦስት ወለደች፤ ሁለቱን ለሰው ሰጠን፤ አንዱ ቀረ። በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ደግሞ አራት ወለደች። ሰባት ድመት ማለት ነው። አይጡስ? ተመልሶ መጣ። ድመቶቹ እርስ በርሳቸው ሲጠባበቁ ሌሊቱ ይነጋል፤ አይጡም በመካከሉ ሥራውን ይሠራል።

ዐቢይ ጾም በገባ ጊዜ ነገሩ ከፋ። በቤታችን ወተትና ሥጋ አይገባም። ድመት ግን እንደ ውሻ እንጀራና ሽሮ ተሰጥቷት አትኖርም፤ ከሥጋ ብቻ የምታገኘው ነገር ሲጎድልባት ዓይንዋ ይታወራል፣ ልብዋም ይደክማል። አንዲት ብትሆን አይጥዋን ይዛ ትጾም ነበር (እንዲህ ማለት ከተቻለ)። ሰባት ሲሆኑ የጎረቤት ዶሮ ይቀርባቸዋል። በዚያው ሰሞን ባለቤታችን ነፍሰ ጡር ነበረች። በድመት ዓይነ ምድር የሚተላለፍ፣ ፅንስን የሚጎዳ በሽታ መኖሩን የጤና ባለሙያ ነገረንና ጥረጋውን ከርስዋ ተቀብለን እኛ ያዝነው። ይኸው በሽታ በጥሬ ሥጋም እንደሚተላለፍ ሲነግረን ግን ሁላችን ዝም አልን፤ ፋሲካ ቀርቦ ነበርና።

ከቤታችን አጠገብ የልጅ ልጃቸውን የሚያሳድጉ አንዲት አሮጊት አሉ። ዶሮአቸው ዘጠኝ ጫጩት ፈልፍላ ነበር። አንድ ጧት እሜቴ በደጃችን ቆመው አገኘናቸው፤ በነጠላቸው ጫፍ ላባ ይዘዋል። አልጮኹም፤ አልረገሙንም።

«መምህር፣» አሉን፤ «ድመቶችዎ ጾም አያውቁም፤ አልፈርድባቸውም። እኔ ግን አሳድጌ ለዘመን መለወጫ ሸጬ ለዚህ ልጅ ደብተርና ልብስ ልገዛበት ነበር። ሦስት ቀሩኝ።»

ገንዘብ ብናወጣ እንቢ አሉ። ልጁ የራሳችን ተማሪ ነው።

በዚያ ቀን ያደረግነው ነገር ብዙ ሰዎች የሚያደርጉት ነው፤ ይህም አያጸድቀንም። በማግሥቱ ሳይነጋ አራቱን ግልገሎች በማዳበሪያ ከረጢት ከትተን ወደ ዘንገና ሄድን። ዘንገና ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና አጠገብ፣ ከእንጅባራ ሳይርቅ፣ በጥንት እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ክብ ሐይቅ ነው፤ ጥልቀቱ ከ160 ሜትር እንደሚበልጥ ይነገራል፤ ዙሪያውንም ደን ከብቦታል። ተማሪዎቻችንን ይዘን ሄደን ስለ እሳተ ገሞራ ያስተማርንበት ስፍራ ነው። ከረጢቱን ከአንድ ዛፍ ሥር ፈታን። «ወፍና አይጥ አለ፤ ይኖራሉ» ብለን ራሳችንን አታለልን። የሁለት ወር ግልገል እንደማትኖር፣ ብትኖርም የደኑን ወፍ እንደምትጨርስ፣ ከዱር ድመትም ጋራ ተደባልቃ የዱሩን ዘር እንደምታበላሽ እናውቅ ነበር። አንዲቱ እየጮኸች እስከ አስፋልቱ ተከተለችን። ወደ ኋላ አልዞርንም።

በሦስተኛው ቀን ያ የእሜቴ ልጅ በሹራቡ ውስጥ ግልገል ድመት ይዞ ከክፍል በር ቆመ። አንድ ዓይንዋ አብጦ ተጨፍኖአል።

«ጋሼ፣ እንጨት ልለቅም ሄጄ ዘንገና አገኘኋት። እንዲህ የሚጥል ምን ዓይነት ሰው ነው?»

ጫጩቶቹን የበሉበት ድመቶች እናት ልጅ መሆንዋን አላወቀም። ጠቢቡ ሰሎሞን ጻድቅ ሰው ለእንስሳው ነፍስ እንደሚራራ የተናገረውን ለልጆቹ ስንት ጊዜ ነግረናቸው ነበር! ዝም ብለን ወደ ክፍል ብናስገባው ማንም አያውቅብንም ነበር። ትምህርቱን አስተማርን፤ ምን እንዳስተማርን ግን አናስታውስም። በዕረፍት ሰዓት ጠርተን «የጣልናት እኛ ነን» አልነው።

ልጁ ብዙ ጊዜ አየን። ከዚያም «ሌሎችም ነበሩ?» አለን።

«ሦስት ነበሩ።»

«እንፈልጋቸዋ።»

ቅዳሜ ጧት ከርሱ ጋራ በደኑ ውስጥ ስንዞር ዋልን። አንዱን ከጎዳናው አጠገብ ካለ ቦይ ውስጥ አገኘነው። ሁለቱ አልተገኙም።

ወንዱን ድመት የእንስሳት ሐኪም ኮለሸው፤ ከዚያ ወዲህ ለወፍጮ ቤት ሰጠነው። የመጀመሪያው ወላድ ልጅ በገበዙ ፈቃድ የቤተ ክርስቲያኑን ዕቃ ቤት ይጠብቃል። ከቦዩ የወጣውን አንድ ዘመዳችን ወሰደው፤ ቡራቡሬዋን እኅታችን ወደ ዳንግላ ወሰደቻት። ለእሜቴም ስድስት ጫጩት ፈልገን ገዛንላቸው፤ ከነዚያ አራቱ ለዘመን መለወጫ ደረሱ። በቤታችን የቀረችው አንድ ዓይና ግልገል ናት። ዛሬ ትልቅ ድመት ሆናለች፤ አይጥ ትይዛለች፤ ልጁም እስካሁን ሲመጣ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ እርስዋ ነው።