ሊብሬው በማን ስም ይውጣ?

ከአዲስ አበባ ወደ ወሎ የሚወርድ ሰው ጣርማበር ላይ ሁለት ነገር ይሰማዋል፤ ብርድና የጆሮ መደፈን። ጣሊያን የፈለፈለውን ዋሻ አልፎ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው ተራራ የደብረ ሲናን ጥምዝምዝ ቁልቁል ሲወርድ፣ ደብረ ብርሃን ላይ የደረበውን ጋቢ ሸዋ ሮቢት ሳይደርስ አውልቆ ጉልበቱ ላይ ያኖረዋል። ከዚያ ወዲያ ቆላ ነው። ሰንበቴ፣ አጣዬ፣ ካራቆሬ እየታለፉ 325 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሞላ፣ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ከሚሴ ይደረሳል። መንገዱ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ያየውን መከራ እዚህ አልዘረዝርም። አጣዬን ስናልፍ ዶልፊኑ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ዝም ማለቱን ብቻ ልናገር።

የሄድኩት ለአንዲት የድሮ የሥራ ባልደረባዬ ልጅ ሠርግ ነው። ለሽበቴ ክብር ሲሉ ጋቢና አስቀምጠውኛል። ካራቆሬን አለፍ እንዳልን አንድ ጥቁር ቪ8 ላንድክሩዘር አቧራውን አልብሶን ሸመጠጠ።

«እንዴት ያለ የወንድ መኪና ነው!» አለ ሾፌራችን።

«የሴቷስ የትኛዋ ናት ልጄ?» አልኩት።

«ቪትዝ ናታ ማዘር! ያሪስም ትሆናለች።»

ረዳቱ ከኋላ ሳቀና «ሴትም እኮ ቪ8 ትሳፈራለች» አለ። ትሳፈራለች እንጂ ትነዳለች አላለም።

ልጆቹን አልፈርድባቸውም፤ አማርኛችን ራሱ ያግዛቸዋል። ትንሹንና የምንወደውን ነገር በሴት፣ ግዙፉን በወንድ መጥራት ልማዳችን ነው። «ቪትዟ ነዳጅ አትበላም፤ ቪ8ቱ ግን ይጠጣል» እንላለን፤ ማንም ተቀምጦ አልወሰነውም። አዲስ አበባ ውስጥ መኪና የገዛ ሰው ደግሞ የደላላን ቋንቋ ያውቃል። «በሴት የተያዘች ናት» ማለት ምስጋና ነው፤ ያልተጋጨች፣ ሩቅ አገር ያልሄደች፣ ከቤት ሥራ ቦታ ብቻ የተመላለሰች ለማለት ነው። ትልቁ መኪና ሲሸጥ ይህ ቃል አይሰማም። እዚያ ሲደርስ «ጉልበታም»፣ «አገር አቋራጭ»፣ «የትም የማይቆም» ይባላል። ዋጋው ሚሊዮኖችን መቁጠር ሲጀምር የሴቲቱ ጥንቃቄ ለምን ዋጋ እንደሚያጣ የነገረኝ ደላላ የለም።

ማስታወቂያውንም ተመልከቱት። አባት መሪ ይይዛል፣ እናት ከጎኑ ሆና ትስቃለች፣ ሁለት ልጆች ከኋላ በመስኮት ያያሉ። እኛ ይህን ዓይነቱን «የቤት መኪና» ማለታችን ራሱ ደስ ይለኛል፤ የቤት ከሆነ የሁሉም ነውና።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። መኪና ከከተማ ወጥቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ሩቅ መንገድ የሄደው በእናት እጅ ነው። የጀርመኑ ካርል ቤንዝ ሚስት ቤርታ እ.ኤ.አ. በ1888 ባሏ ሳያውቅ ሁለት ወንዶች ልጆቿን ይዛ ከማንሃይም እስከ ፎርዝሃይም ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነዳች፤ ከከሚሴ ኮምቦልቻ ደርሶ መልስ እንደማለት ነው። የነዳጁ ቱቦ ሲደፈን በባርኔጣዋ መርፌ ጠርጋ ቀጠለች። ይህ ሁሉ ተረስቶ ሃያ አምስት ዓመት ባልሞላ ጊዜ አሜሪካ ውስጥ የነዳጅ መኪና የወንድ፣ የኤሌክትሪኩ የሴት ተባለ፤ ድምፅ የለውም፣ አያጨስም፣ ሞተሩን በእጅ ማዞር አይጠይቅም ተብሎ። የሄንሪ ፎርድ ሚስት እንኳ የምትነዳው ባሏ የሚሠራውን ሳይሆን ዲትሮይት ኤሌክትሪክ የሚባለውን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1955 ደግሞ ዶጅ የተባለው ኩባንያ «ላ ፋም» የሚል ሮዝ ቀለም የተቀባ መኪና ከእጅ ቦርሳ፣ ከከንፈር ቀለምና ከዣንጥላ ጋር ለሴቶች አቀረበ። ሴቶቹ አልገዙትም፤ ከሁለት ዓመት አላለፈም።

ከዚያ የቤተሰብ ሚኒቫን መጣ። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ብዙ ልጅ ያለው የአሜሪካ ቤተሰብ ሁሉ ገዛው። ግን «የእናቶች መኪና» የሚል ስም ወጣለትና አባቶች አፈሩበት። ኩባንያዎቹም ያንኑ ሰባት ሰው የሚይዝ ቤት ከፍ ባለ ጎማና በተራራ ሥዕል አጅበው ሸጡት። ዛሬ በየአገሩ የሚታየው ቅንጡ ባለ ከፍታ የቤተሰብ መኪና እንዲህ ተስፋፋ፤ ገበያ የሚወጣበት ሰው ተራራ የሚወጣ እንዲመስለው ሆኖ። በእኛ አገር በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ የቻይና ኤሌክትሪክ መኪኖች አዲስ አበባን ሞልተዋታል፤ አንድ ሻጭ ለምራቴ «ለሴት ትመቻለች፣ ጋራዥ አታመላልስም» ሲላት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የመቶ ዓመት ወሬ መሆኑን አያውቅም።

ከሚሴ በአስፋልቱ ግራና ቀኝ የተዘረጋች ከተማ ናት። ባጃጁ፣ አይሱዙው፣ ግመሉና ፍየሉ መንገዱን ይጋፉበታል። ኦሮምኛ ጀምሮ በአማርኛ የሚጨርስ፣ በአማርኛ ጠይቆ በኦሮምኛ የሚመለስለት ሰው ብዙ ነው። ከከተማው ወጣ ሲሉ የጨፋ ሜዳ አለ፤ የቦርከና ወንዝ ያረሰረሰው፣ በበጋ የአፋርም የኦሮሞም ከብት የሚወርድበት ረግረግ። በማሽላው መካከል እናት፣ ሴት ልጅና አህያ ተከታትለው ሲሄዱ ይታያሉ። ባል ካለ ከፊት ነው።

የሠርጉ ዕለት ሙሽሪትን ለማምጣት አራት ትልልቅ መኪና ተከራይተው ነበር፤ መሪዋ ነጭ ላንድክሩዘር፣ አበባና ሪባን ለብሳ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ታዘብኩ። አበባ ሲለብስ ላንድክሩዘሩም «እሷ» ሆነ። አጠገቤ የተቀመጡ አዛውንት በእሳቸው ዘመን ሙሽራ የምትመጣው በበቅሎ እንደነበር አጫወቱኝ። ፈረስ የጦርና የጉግስ፣ የጎረምሳ ነበር። በቅሎ ግን ለሙሽራ፣ ለሽማግሌ፣ ለሼኩም ለቄሱም ሆነች፤ ገደል የማትፈራ፣ እርምጃዋ የማያንገላታ፣ ዋጋዋም ከፈረስ የሚበልጥ። እቴጌ ጣይቱም ወደ ዓድዋ የዘመቱት በበቅሎ ነው። ውድ መጓጓዣ የወንድ ብቻ የሆነው እንግዲህ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ መሆን አለበት።

በዚህ ዞን ላንድክሩዘር ውስጥ ብዙ ስለምትጫነው ሴት ማስታወቂያ አልተሠራም። ባለፉት አሥራ ጥቂት ዓመታት ለወረዳዎች የታደሉትን አምቡላንሶች ማለቴ ነው። አርጡማ ፉርሲ ወይም ዳዋ ሀረዋ ውስጥ ከአስፋልት ርቃ ምጥ የያዛትን እናት ወንዶች በቃሬዛ ተሸክመው መኪና እስከሚደርስበት ያወርዷታል፤ ከዚያ ተራው የላንድክሩዘሩ ነው። ደም እየፈሰሳት ያለች ወላድ ሁለት ሰዓት ልትቆይ አትችልም። ያንን ድንጋይ የሚያልፍ ጎማ፣ ያ ከፍታና ያ ጉልበት ትርጉም ያለው እዚያ ነው። በአዲስ አበባ ቀለበት መንገድ ላይ የሚሄደው ቪ8 ከዚህ ጋር አንድ እናት የወለደቻቸው ወንድማማች መሆናቸውን ሳስብ ይገርመኛል። የወንድ መኪና የሚባለው በዚህ አገር እድሜውን የሚጨርሰው ምጥ ሲያመላልስ ነው።

ወደ ሠርጉ ልመለስ። ከአራቱ መኪኖች በአንዱ ፊት ወንበር ላይ የስምንት ወር ሕፃን የታቀፈች እናት ተቀምጣለች፤ አባት ይነዳል። መኪናው ሚሊዮኖች ያወጣል፣ ሕፃኑ ግን የታሰረው በእናቱ ክንድ ብቻ ነው። በሙያዬ ዝም ማለት አልችልም። መኪና በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየሄደ ድንገት ሲጋጭ የየትኛዋም እናት ክንድ ሕፃን አይዝም። ኤርባጉ ከተፈነዳ ደግሞ የሚመታው መጀመሪያ ሕፃኑን ነው። የሕፃን ቦታ ከኋላ፣ በሕፃን ወንበር ላይ ነው፤ ይህን ያህል መኪና የገዛ ቤት ወንበሩን አያጣውም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ቀበቶ ማሰር ከፊት የተቀመጠን ሰው የመሞት አደጋ እስከ ግማሽ ይቀንሳል። ነፍሰ ጡር ቀበቶ ሆዷን ይጫናል ብላ ትተወዋለች፤ መተው የለባትም። የታችኛው ማሰሪያ ከሆዷ በታች የዳሌ አጥንቷ ላይ፣ የላይኛው በጡቶቿ መካከል አልፎ በሆዷ ጎን ይውረድ።

ሌላም ነገር አለ። የግጭት መሞከሪያው አሻንጉሊት ለረጅም ዓመታት የተሠራው በወንድ ልክ ነበር፤ 1 ሜትር ከ75 ቁመትና 78 ኪሎ የሚመዝን ጎልማሳ። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ የአሜሪካ ጥናት ቀበቶ ያሰረች ሴት ሾፌር በተመሳሳይ ግጭት ቀበቶ ካሰረ ወንድ ይልቅ ለከባድ ጉዳት የመጋለጥ ዕድሏ 47 በመቶ እንደሚበልጥ አሳይቷል። እናት በማስታወቂያው ሥዕል ላይ ትስቃለች እንጂ መኪናው ሲፈተሽ ብዙም አልታሰበችም።

ሰኞ ወደ ባቲ ሄድኩ። ከከሚሴ ባቲ ለመድረስ ኮምቦልቻ ወጥቶ ወደ ምሥራቅ መታጠፍ ነው። የባቲ የሰኞ ገበያ ያው ገበያ ነው፤ አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራው የሚገናኝበት፣ ግመል የሚለወጥበት። በ1977ቱ ድርቅ የተራበው ሕዝብ የተጠለለበት ቦታ ዛሬ ሰው ይጫረትበታል። የግመል ደላላውን አዳመጥኩት። ወንዱን ሲያሻሽጥ ስለ ጭነት፣ ሴቷን ሲያሻሽጥ ስለ ወተትና ስለ ልጆቿ ይናገራል። ግን ሴቷን «ለሴት ትሆናለች» ብሎ አላረከሳትም፤ ወተት ማለት ቤት መሆኑን ገዢውም ሻጩም ያውቃሉ።

ማታ ከሚሴ ተመልሼ ባረፍኩበት ጎረቤት ቡና ተጠራሁ። የቤቱ ጌታ ሐጂ ናቸው። ሐጅ ያደረጉት፣ ቤቱን ቆርቆሮ ያለበሱት፣ ታናሹን ልጅ ጅማ የሚያስተምሩት ሳዑዲ በሰው ቤት ስድስት ዓመት በሠራች ልጃቸው ገንዘብ ነው። ልጅቱ ተመልሳለች። የቀራትን ይዛ፣ አጎቷም ጨምሮላት፣ ዶልፊን ሊገዙ ተማክረዋል። አቦሉ ሳይጠጣ ክርክሩ ተጀመረ።

«ወንድሟ ይያዘው፣ በሱ ስም ይግባ» አሉ አጎት። «ሴት ልጅ በትራፊክም በተራ አስከባሪም ፊት ምን ትሠራለች?»

ልጅቱ ቡና እየቀዳች መለሰች። «ሳዑዲም ሴት አትነዳም ይባል ነበር። እኔ እዚያ እያለሁ ተፈቀደ። እመቤቴ በወሩ መኪና ገዛች፣ ሾፌሩን አሰናበተችው።» እውነት ነው፤ እዚያ ለሴቶች የተፈቀደው በሰኔ 2010 ዓ.ም. ነው። የመኪና ኩባንያዎቹም ገና አዋጁ እንደተሰማ የሴቶች ማስታወቂያ ለመልቀቅ ተሽቀዳድመዋል። ሃይማኖታችን ነው እያሉ የኖሩትን ገበያ በአንድ ሳምንት ሲለውጠው ማየት ያስደንቃል።

«ሲስተር፣ እርስዎ ምን ይላሉ?» አሉኝ ሐጂ።

የማውቀውን ነገርኳቸው። በባልና ሚስት መካከል ቢሆን በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ በአንዱ ስም የተመዘገበውንም ንብረት፣ የግሉ መሆኑን ካላስረዳ በስተቀር የጋራ ነው ብሎ ይገምታል፤ ክልሉም የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው። ለእህትና ለወንድም ግን እንዲህ ያለ ግምት የለም። ነገ ወንድሟ ሚስት ያገባል፤ ያኔ መኪናው የማን ነው ሲባል የሚታየው ሊብሬው ነው። ስድስት ዓመት የታጠበው የሰው ቤት ወለል ሊብሬ ላይ አይጻፍም። ይህን ስል አጎት ፊታቸውን አዞሩ፤ ሐጂ ግን ፍንጃሉን አስቀምጠው ዝም አሉ።

ቶናው ሲቀዳ ጠየቁኝ፤ «ሴት ልጅ ዶልፊን ስትይዝ ሰው ይሳፈራል?»

«እኔ እሳፈራለሁ» አልኳቸው። «ጋቢና።»

እናቲቱ እስከዚያ አልተናገሩም ነበር። በኦሮምኛ አንድ ነገር አሉ፤ ልጅቱ ሳቀች፣ አልተረጎመችልኝም። በረካው ተጠጥቶ፣ ዱዓ ተደርጎ ስንነሳ ሐጂ ሊብሬው በእሷ ስም ይውጣ አሉ። መሪውን ማን ይይዝ የሚለው ለዒድ ልጁ ከጅማ ሲመጣ እንዲታይ ተቀጠረ። ልጅቱ ግን በማግስቱ ለመንጃ ፈቃድ ትምህርት ልትመዘገብ ኮምቦልቻ ለመሄድ ስትነሳ፣ በአንድ ዶልፊን ተሳፈርን። እሷ ሾፌሩ ካምቢዮ ሲቀይር በዓይኗ ትከተለው ነበር።