ብርሃን በጎን ሲገባ፦ በጠባብ ቦታ ለሚበይድ ሰው የዓይን መከላከያ ስለመምረጥ

ብየዳ ሲባል ቶሎ ወደ አእምሮ የሚመጣው ሁለት ብረት አቅልጦ ማጣበቅ ነው፤ ለዓይን ግን ብየዳ ከሁሉ በፊት የብርሃን ጉዳይ ነው። በኤሌክትሮዱ ጫፍና በሚበየደው ብረት መካከል የሚፈጠረውና በያጆች አርክ የሚሉት የኤሌክትሪክ ነበልባል ሙቀቱ ከ5 ሺሕ ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ስለሚደርስ ሦስት ዓይነት ጨረር በአንድ ጊዜ ይረጫል፦ ዓይን የሚያየውን ደማቅ ብርሃን፣ ሙቀት ሆኖ የሚሰማውን ኢንፍራሬድ፣ እንዲሁም የማይታየውንና ከሦስቱ ፈጥኖ የሚጎዳውን አልትራቫዮሌት። ይህን የመጨረሻውን በአብዛኛው ውጦ የሚያስቀረው ኮርኒያ፣ ማለትም የዓይንን ፊት እንደ ሰዓት መስታወት የሸፈነው ጥርት ያለ አካል ነው፤ ውጦ ሲያስቀረው ግን ላዩ ላይ ያሉት ስስ ሕዋሳት ይቃጠላሉ። ሕመሙ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ዘግይቶ ስለሚመጣ፣ ቀኑን ሲበይድ የዋለ ሰው ሌሊት ዓይኑ ውስጥ አሸዋ የተበተነ መስሎት ይባንናል፣ ዕንባው ይወርዳል፣ መብራት ማየት ያቅተዋል፤ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ስለሚለቀውም ነገሩ እንደ ሙያው ግብር ተቆጥሮ ይታለፋል። (በብዙ አገር በያጆች ዘንድ የታወቀው የጥሬ ድንች ቁራጭ ዓይንን ያቀዘቅዝ ይሆናል እንጂ አያድንም፤ የሚያድነው ኮርኒያው የተቃጠሉትን ሕዋሳት ራሱ መተካቱ ነው።)

ይህ ሁሉ በሰፊ ደጅ ላይ በር ለሚበይድም ያው ነው። ጠባብ ቦታ የሚለየው ጨረሩ ስለሚለወጥ ሳይሆን ጨረሩ የሚመጣበት አቅጣጫ ስለሚበዛና የበያጁ ጭንቅላት መላወሻ ስለሚያጣ ነው። ታጥቦና ጋዙ ወጥቶለት ውስጡ የሚጠገን ቦቴ፣ በጀርባ ተኝተው የሚበይዱት የከባድ መኪና ሻንሲ፣ የወተት ወይም የቢራ ፋብሪካ የማይዝግ ብረት ታንከር የዚህ ምሳሌዎች ናቸው። የቀድሞው ማስክ መስታወቱ ሁልጊዜ ጥቁር በመሆኑ አርኩ ከመለኮሱ በፊት ምንም አያሳይም፤ ስለዚህ በያጁ ማስኩን ወደ ላይ ገልብጦ ኤሌክትሮዱን ካነጣጠረ በኋላ አንገቱን ነቅነቅ አድርጎ ማስኩን ፊቱ ላይ ይጥለዋል። በቦቴ ሆድ ውስጥ ግን ለዚህች ንቅናቄ የሚሆን ቦታ የለም፤ የተገለበጠው ማስክ ከጣሪያው ጋር ይጋጫል፣ በእጅ የሚያዘው ጋሻ ደግሞ ለመደገፊያ የሚያስፈልገውን እጅ ይወስዳል። ከዚያ ወዲያ የሚቀረው ዓይንን ጨፍኖ መለኮስ ነው፤ ጨፍኖ የለኮሰ ደግሞ አርኩን ለማየት መግለጡ አይቀርም።

በራሱ የሚጠቁረው ፊልተር ይህን ችግር ለመፍታት የመጣ ነው። ስዊድናዊው ኦኬ ሆርኔል የፈለሰፈውና ስፒድግላስ በሚል ስም እ.ኤ.አ. በ1981 ለገበያ የቀረበው ማስክ ሐሳቡን ወደ ሥራ ቤት ያስገባው ሲሆን፣ አሠራሩ እስከ ዛሬ በመሠረቱ አልተለወጠም። በፊልተሩ ውስጥ ፈሳሽ ክሪስታል የሚባል፣ እንደ ፈሳሽ የሚላወስ ግን እንደ ጠጣር ሥርዓት ያለው ቁስ፣ ፖላራይዘር በሚባሉ የብርሃንን ንዝረት በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚያሳልፉ ስስ ሽፋኖች መካከል ይገኛል፤ ከፊት ያለው ሴንሰር የአርኩን ብርሃን ሲያይ በክሪስታሉ ላይ የሚያርፈው ኤሌክትሪክ ይለወጥና ፊልተሩ ይጠቁራል። የጥቁረቱ መጠን በቁጥር ይነገራል፤ በፊልተሩ ላይ 4/9-13 የሚል ምልክት ካለ፣ ሳይለኮስ 4 ቁጥር፣ ሲለኮስ ደግሞ ከ9 እስከ 13 በምርጫ የሚስተካከል ማለት ነው። ቁጥሩ በአንድ ባደገ ቁጥር የሚያልፈው ብርሃን በ2.7 ጊዜ ገደማ ስለሚቀንስ፣ ከ4 ወደ 11 የሚዘል ፊልተር ብርሃኑን 1,000 ጊዜ አደብዝዞታል።

ሻጮች ከሁሉ አስቀድመው የሚጠሩት ቁጥር የፍጥነቱን ነው፦ በ1/10,000ኛ ሰከንድ፣ በ1/25,000ኛ ሰከንድ እያሉ። ለጠባብ ቦታ ይህ ቁጥር ከሚጠየቁት ሁሉ የመጨረሻው ሊሆን ይገባዋል። ምክንያቱም ደረጃውን በጠበቀ ፊልተር ላይ አልትራቫዮሌቱንና ኢንፍራሬዱን የሚያስቀረው ፈሳሹ ክሪስታል ሳይሆን ሁልጊዜ በቦታው ያለ ሌላ ሽፋን ነው፤ ባትሪው ቢሞት፣ ሴንሰሩ ባያይ፣ ፊልተሩ ሳይጠቁር ቢቀር እንኳ ይህ መከላከያ አይነሳም። እንዲህ ከሆነ ጥሩ ማስክ አድርጎ ሌሊት ዓይኑ የነደደበት በያጅ ፊልተሩን ከመጠርጠሩ በፊት ሌላ ነገር መጠርጠር አለበት፤ ጨረሩ ብዙውን ጊዜ የገባው በመስታወቱ ውስጥ አልፎ ሳይሆን በመስታወቱ ዙሪያ ዞሮ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ ብርሃን በማስኩ ዙሪያ ይገባል ወይ የሚለው ነው። በታንከር ውስጥ ግድግዳው ሁሉ መስታወት ይሆናል። በተለይ አሉሚኒየምና የተወለወለ የማይዝግ ብረት ጨረሩን መልሰው ስለሚረጩት ከፊት የተነሳው ብርሃን ከበያጁ ጀርባ ያለውን ግድግዳ መትቶ በጆሮና በማስኩ ጠርዝ መካከል ይገባና በፊልተሩ የውስጥ ገጽ ላይ ተንጸባርቆ ዓይን ላይ ያርፋል። ይህን ብርሃን የትኛውም ፊልተር፣ ምንም ያህል ፈጣን ቢሆን፣ ሊከለክለው አይችልም፤ የሚከለክለው ከማስኩ ጋር ተያይዞ አንገትንና ማጅራትን የሚሸፍን የቆዳ ወይም እሳት የማይዘው ጨርቅ ነው። በራሱ የሚጠቁር ፊልተር የተገጠመለት ዓይን ላይ ተጣብቆ የሚታሰር መነጽር ለጠባብ ቦታ የሚወደደውም ከግንባር ወደ ፊት ስለማይወጣ ብቻ ሳይሆን ዙሪያው ከቆዳ ጋር ስለሚገጥም ነው። ሆኖም መነጽር ዓይንን እንጂ ፊትን አይከልልም፤ አልትራቫዮሌት ጉንጭንና አንገትን እንደ ብርቱ ፀሐይ ስለሚያቃጥል፣ ፊትን የሚሸፍን ጨርቅ ወይም ቆዳ ያልተጨመረበት መነጽር ግማሽ መከላከያ ነው። እዚህ ላይ ማመንታት አያስፈልግም፤ ከሙሉ ማስክና ብቻውን ከሚደረግ መነጽር አንዱን መምረጥ ግድ ከሆነና ማስኩ በቦታው የሚገባ ከሆነ፣ ማስኩ ይሻላል።

ሁለተኛው ጥያቄ ሴንሰሩ አርኩን ያያል ወይ የሚለው ነው። በሻንሲ ሥር የተኛ ሰው በአንድ ጎኑ ቱቦ፣ በሌላው የራሱ ክንድ አለ፤ ክንዱ አንዱን ሴንሰር፣ ቱቦው ሌላውን ሲጋርድ ሁለት ሴንሰር ብቻ ያለው ፊልተር አርኩ እየነደደ ሳለ ወደ 4 ቁጥር ይመለሳል። ኮርኒያው ባይቃጠል እንኳ የሚታየው ብርሃን ዓይንን ያጭበረብራል፣ በያጁም ስፌቱን ይስታል፤ ደጋግሞና ረዘም ላለ ጊዜ ሲሆን ደግሞ ከዓይን ጀርባ ምስል የሚቀበለውን ሬቲናን ይጎዳል። ስለዚህ አራት ሴንሰር በአራቱ ማዕዘን የተበተነበት ፊልተር ለጠባብ ቦታ ቅንጦት አይደለም። አንዳንድ ሞዴሎች ከዚህ አልፈው ብርሃንን ሳይሆን የብየዳውን ኤሌክትሮማግኔታዊ መስክ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ሲያልፍ በዙሪያው የሚፈጠረውን ኃይል የሚያዳምጥ ሴንሰር አላቸው፤ ይህን ዓይነቱን ሴንሰር ቱቦም ክንድም አይጋርደውም። አርኩ ደካማ በሆነበት፣ በአርጎን ጋዝ በሚሠራው የቲግ ብየዳ በትንሽ አምፔር ሲሠራም ተራ ሴንሰር አርኩን ሊያጣው ስለሚችል የስሜት መጠኑን ከፍ ማድረጊያ ያለው ፊልተር ያስፈልጋል።

ሦስተኛውን ጥያቄ ገዢዎች እምብዛም አያነሱትም፦ ፊልተሩ በሰያፍ ሲታይም እኩል ይጠቁራል ወይ? በአውሮፓ ደረጃ ኢኤን 379 መሠረት በተመረመረ ፊልተር ላይ እንደ 1/1/1/2 ያሉ አራት አኃዞች ይጻፋሉ፤ እያንዳንዳቸው ከ1 እስከ 3 ሲሆኑ 1 ከሁሉ የተሻለው ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ስለ ምስሉ አለመዛባት፣ ስለ ጉም አለመልበሱና ስለ ጥቁረቱ ወጥነት ይናገራሉ፤ አራተኛው ፊልተሩ በጎን ሲታይ ጥቁረቱ ምን ያህል እንደሚለዋወጥ ይናገራል። ፈሳሽ ክሪስታል በቀጥታ ሲታይ እኩል የጠቆረ ቢሆንም በሰያፍ ሲታይ አንዱ ዳር ሊነጣ ሌላው ሊጠቁር ይችላል። ጠረጴዛ ላይ የሚበይድ ሰው በቀጥታ ስለሚመለከት አይገደውም፤ ጉንጩን ከብረቱ ጋር አጣብቆ በፊልተሩ ጥግ የሚያይ ሰው ግን ሁልጊዜ በሰያፍ ነው የሚያየው። ለእርሱ ከአራቱ አኃዞች ዋናው የመጨረሻው ነው።

ስለ መፍጫ ሞድ፣ ማለትም ግራይንደር ሲሠራ ፊልተሩ እንዳይጠቁር ስለሚያደርገው ማብሪያ፣ የሚባለው አጭር ነው፦ በጠባብ ቦታ ማብሪያው ከውጭ በኩል በጓንት የሚነካና አለመመለሱን በመብራት የሚያሳውቅ ይሁን፤ ረስቶ መለኮስ የተለመደ ስሕተት ነውና።

ዓይንን እያሰቡ ሳንባን መርሳትም አይገባም። አርጎን ከአየር በ38 በመቶ ገደማ ስለሚከብድ በታንከር ወለል ላይ እየተኛ ኦክስጅኑን ይገፋዋል፤ ኦክስጅን ከ19.5 በመቶ በታች የሆነበት ቦታ ደግሞ ያለ ልዩ የመተንፈሻ መሣሪያ አይገባበትም። የአየር ማጣሪያም ሆነ መተንፈሻ ፊት ላይ ሲታሰር የማስኩን ቦታ ስለሚሻማ፣ ሁለቱ አብረው ተሞክረው ካልተገዙ በያጁ ውስጥ ገብቶ አንዱን ማውለቁ አይቀርም፤ የሚያወልቀውም ትንፋሹን የሚያፍነውን ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መከላከያ የማቅረብን ግዴታ በአሠሪው ላይ ያደረገ ቢሆንም፣ ግዢው የሚፈጸመው ብዙውን ጊዜ ታንከር ውስጥ ገብቶ በማያውቅ ሰው ነው፤ ጭንቅላቱ የሚለካው ግን የሚገባው ሰው ነው።

ከመግዛትም ሆነ ከመግባት በፊት የሚደረግ ቀላል ሙከራ አለ። ማስኩ በእጅ ተይዞ የፊልተሩ ፊት ወደ ፀሐይ ሲዞር ይጠቁራል፤ ከዚያ ሴንሰሮቹ በአውራ ጣት አንድ በአንድ ይሸፈናሉ። አንዱ ተሸፍኖ ፊልተሩ ከነጣ፣ ያ ማስክ ለጠረጴዛ እንጂ ለቦቴ አይሆንም። በአዲስነቱ ሙከራውን ያለፈ ማስክም ከወራት በኋላ ሊወድቅ ይችላል፤ ከላይ ሲበየድ የሚንጠባጠበው ፍንጣሪ ከፊልተሩ ፊት ባለው ርካሽ የፕላስቲክ መሸፈኛ ላይ ጠጥሮ ሴንሰሩን ስለሚጋርደው ነው፤ እንዲህ ሲሆን የሚለወጠው ፊልተሩ ሳይሆን መሸፈኛው ነው።