የጎደለውን ጥርስ ስለ መተካት

ጥርሱ የወለቀበት ሰው ሐኪም ዘንድ ሲቀርብ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ከሚተከለውና ከሚወልቀው የትኛው ይሻላል?» ብሎ ነው፤ ዳሩ ግን መልሱ የሚገኘው ከጎደለው ጥርስ ሳይሆን ከቀሩት ስለ ሆነ፣ ስለ ዋጋም ስለ ዓይነትም ከመነጋገር በፊት የቀሩት ጥርሶች፣ ድዱና የመንጋጋው አጥንት በምን ሁኔታ እንደሚገኙ መመርመር ይገባል ብዬ አምናለሁ። ጥርስ የተሸከመ አጥንት ጸንቶ የሚኖረው ከማኘክ በሚደርሰው ጫና ነውና፣ ጥርሱ በተነቀለ ጊዜ ሥራ የፈታው አጥንት፣ ይልቁንም በመጀመሪያው ዓመት፣ እየሟሸሸ ይሄዳል፤ በግራና በቀኝ የቀሩትም ጥርሶች ደጋፊው እንደ ተነሣበት አጥር ወደ ባዶው ስፍራ ያዘነብላሉ፤ በአንጻሩ ያለውም ጥርስ የሚገጥመውን አጥቶ ከሥፍራው እየወጣ ይረዝማል።

ይህን ማለቴ የጎደለ ሁሉ የግድ ይተካ ለማለት አይደለም። ኔዘርላንዳዊው የጥርስ ሊቅ ኬይዘር እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጣው ጥናት፣ የኋለኞቹ የመንጋጋ ጥርሶች ቢጠፉበትም ከላይና ከታች እየገጠሙ የሚሠሩ 20 ያህል የፊትና የመካከል ጥርሶች የቀሩለት ሰው ሳይቸገር ሊመገብ እንደሚችል አስረድቶአል። እንግዲህ ሐኪሙ አፋችንን አይቶ «ይህ ለጊዜው እንዲሁ ይቆይ» ያለን እንደ ሆነ፣ ሥራ እንደ ሸሸ አንቁጠርበት፤ እኔስ እንዲህ ያለውን ሐኪም አብልጬ አምነዋለሁ።

የፊት ጥርስ ነገር ግን ሌላ ነው። ዕድሜያቸውን በቅኔ ማሕሌትና በጉባኤ ቤት ያሳለፉ አንድ የማውቃቸው መሪጌታ፣ ከላይ አራቱ የፊት ጥርሶቻቸው በድድ ሕመም ከወለቁባቸው በኋላ፣ ያስጨነቃቸው መብሉ አልነበረም። «ሽሮውንም እንጀራውንም በቀረው አላምጠዋለሁ፤ ቆሎም ቢቀርብኝ አልሞትም፤ የቸገረኝ ንባቡ ነው» አሉኝ። እውነትም «ፈ» የሚነገረው የላይኛው ጥርስ በታችኛው ከንፈር ላይ ሲያርፍ ነው፤ «ሰ»ና «ዘ»ም እስትንፋሱ በጥርስ አጠገብ ጠብቦ ሲያልፍ የሚወጡ ድምፆች ናቸው፤ ስለዚህም ተማሪውን በአንዲት ፊደል ስሕተት መልሶ «ድገም» የሚል መምህር፣ የራሱ ፊደል በነፋስ ሲሸሽበት የሚሰማው ኀፍረት ጥርሱ ሙሉ ለሆነ ሰው በቀላሉ አይገባውም።

ለእኒህ ሰው የቀረበላቸው ምርጫ ሦስት ነበር። አንደኛው ብሪጅ የሚባለው ሲሆን፣ ከክፍተቱ ወዲያና ወዲህ ያሉትን ጥርሶች ሞርዶ በእነርሱ ላይ የጎደሉትን በአንድነት ማሰር ነው፤ የሚያዙት ጥርሶች ቀድሞውኑ የተሞሉ ወይም የተሸረፉ ቢሆኑ መልካም መፍትሔ በሆነ ነበር፤ ነገር ግን የእርሳቸው ሁለቱ የውሻ ክራንቻዎች ንጹሓን ነበሩ፤ የተሞረደ የጥርስ ልባስ ደግሞ ተመልሶ አይበቅልምና፣ የጎደለውን ለመሙላት ሲባል ጤነኛውን መቁረጥ ለእኔ ከባድ ነገር ሆኖ ይታየኛል። ሁለተኛው ኢምፕላንት፣ ማለት በመንጋጋ አጥንት ውስጥ የሚተከለው ሰው ሠራሽ የጥርስ ሥር ነው። ስዊድናዊው ፔር ኢንግቫር ብሮኔማርክ እ.ኤ.አ. በ1952 የጥንቸልን አጥንት ሲመረምር፣ ያስገባው የታይታኒየም መሣሪያ ከአጥንቱ ጋር ተዋሕዶ አልነቀል አለው፤ ከዚህም ተነሥቶ በ1965 የመጀመሪያውን የታይታኒየም ትክል በሰው መንጋጋ ላይ አደረገ። አጎራባች ጥርስ ስለማይነካ ብዙዎች ከሁሉ አስበልጠው ያመሰግኑታል፤ ሆኖም በቂ አጥንት ይሻል፤ ትክሉ ከአጥንት ጋር እስኪዋሐድም አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወር መታገሥን ይጠይቃል፤ ትንባሆ የሚያጨስና ስኳሩ ያልተገታ ሰው ደግሞ ትክሉ ላይይዝለት ይችላል። የመሪጌታው ስኳር በዚያ ወራት ከልክ በላይ ነበር።

ስለዚህ ሦስተኛውን፣ ሰው ሁሉ እንደ ሽምግልና ምልክት የሚያፍርበትን ተነቃይ ጥርስ መረጡ፤ እኔም መርጠው ሳይሆን ተገደው ነው ብዬ አላስብም። በመጀመሪያው ሰሞን ምላሳቸው በላንቃቸው ላይ ካረፈው ባዕድ ነገር ጋር እየተጋጨ ንባቡ ከቀድሞው የባሰ መሰለ፤ ሐኪሙም ጮክ ብለው እንዲያነቡ ባዘዛቸው ጊዜ፣ «ይህማ የዕለት ሥራዬ ነው» ብለው ዳዊታቸውን ለብቻቸው ሲደግሙ ሰነበቱ፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ «ሰ» ወደ ሥፍራዋ ተመለሰች። ሌሊት አውጥቶ በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ማኖር፣ በብሩሽ ማጠብ፣ በፈላ ውኃ አለመንከር (ይጣመማልና) የዚህ ጥርስ ሥርዓት ነው፤ ቀንና ሌሊት የማያወልቀው ሰው ከሥሩ ላንቃው ይቀላል፣ ይቈስላልም። ስኳሩ ከረጋ በኋላ ኢምፕላንት ቢያሻቸው መንገዱ አልተዘጋም፤ የዘገየ ሰው አጥንቱ ስለሚቀንስ ግን ምናልባት አጥንት መጨመር ያስፈልጋቸው ይሆናል።

ጥርሱን ከታች በሙሉ ያጣ ሰው ነገሩ ይለይበታል፤ የታችኛው ተነቃይ፣ ምላስ እያነሣው እንደ ላይኛው አይጣበቅምና፣ እ.ኤ.አ. በ2002 በሞንትሪያል የተሰበሰቡ ሊቃውንት ሁለት ትክሎች እንደ ቁልፍ ሆነው ቢይዙት ይበልጣል ሲሉ ተስማምተዋል።

በአሜሪካ የሚኖሩ ሽማግሌዎቻችንም፣ ሜዲኬር የተባለው የአረጋውያን የመንግሥት የጤና መድን በዋናው ክፍሉ በተለመደው ሁኔታ የኢምፕላንትን ወጪ ስለማይሸፍን፣ ሥራውን አዲስ አበባ ለማስጨረስ ቢያስቡ አይደንቅም፤ በሦስት ሳምንት ዕረፍት ግን የትክሉም በትክሉ ላይ የሚደፋው ጥርስ (ክራውን) ሥራም ተያይዞ የሚያልቅበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ሁለት ጉዞ ማሰብ ይሻላል። የሚነገራቸው ዋጋም የትክሉ ብቻ ይሁን ወይስ የክራውኑም ጭምር አስቀድመው በጽሑፍ ይጠይቁ፤ የተተከለውን ዓይነትና መጠን የያዘውንም ወረቀት ተቀብለው ይያዙ፤ ክራውኑን ከትክሉ ጋር የሚያያይዘው ብሎን ከዓመታት በኋላ ቢላላ፣ በሌላ አገር የሚያገኙት ሐኪም የሚገጥመውን መፍቻ የሚያውቀው በዚያ ወረቀት ነውና።