በመንዝ ብርድ ከሁለት በቀቀኖች ጋር



ለጥር ዕረፍት ልጆቻችንን ይዘን ከአዲስ አበባ ወደ መንዝ ስንነሳ፣ ወንበሮቿን አውጥተን ፍራሽ ባነጠፍንባት አሮጌ ሚኒባስ ውስጥ ከስንቁ ሌላ ሁለት አረንጓዴ በቀቀኖች ከነሽቦ ቤታቸው ነበሩ። ወደ ውጭ አገር የሄዱ ጎረቤታችን በአደራ የሰጡን ናቸው። ቆልፈንባቸው እንዳንሄድ፣ ድመት አስራ በረሃብ ስለገደለችው ሴት የሚናገረውን የነብያችንን (ሰ.ዐ.ወ) ሐዲስ ልጆቹ በመድረሳ ተምረዋል። ስለዚህ ይዘናቸው ወጣን።

ከወፍ ጋር መጓዝ የራሱ ደንብ አለው። የሽቦ ቤቱ እንዳይገለበጥ በገመድ አሰርነው፤ ነፋስ እንዳይመታቸውም በአንድ ወገን በነጠላ ጋረድነው። ውኃ በየጉድጓዱ ስለሚደፋ በየማረፊያው እየቆምን አጠጣናቸው። አቮካዶ በቀቀንን የሚገድል መርዝ ስላለው ልጆቹ ከምሳቸው እንዳያቀምሷቸው ከለከልን። ፀሐይ ላይ በቆመ ዝግ መኪና ውስጥም ለአፍታ አልተውናቸውም።

ደብረ ብርሃንን አልፈን ጣርማ በር ላይ የመሐል ሜዳን መንገድ ያዝን። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለው የጓሳ ሜዳ የጭላዳና የቀይ ቀበሮ አገር ነው። በአካባቢው ካለ መንደር ዳር አስፈቅደን አደርን።

ከዒሻ ሰላት በኋላ ብርዱ አጥንት ገባ። ወፎቹና ልጆቹ እንዳይበርዳቸው ብለን የከሰል ምድጃ ወደ መኪናው አስገባንና በሩንም መስኮቱንም ዘጋን። «ጭሱ ወጥቶለታል፤ ፍም ብቻ ነው» ተባባልን። ራሳችንን ሲያመን የከፍታው ነው ብለን ዝም አልን። ድንገት ትልቋ ልጃችን፣ «አባዬ፣ ወፏ ወደቀች!» አለች። በሩን በርግደን ሁሉንም ወደ ውጭ አወጣን። አንደኛው በቀቀን በንጹሕ አየር ነፍስ ዘራ፤ ሌላይቱ ግን አልተነሣችም። ልጆቻችን ተረፉ፤ አልሐምዱ ሊላህ።

ከከሰል ፍም የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። ወፍ ሰውነቷ ትንሽ፣ ትንፋሿም ፈጣን በመሆኑ ከሰው ቀድማ ትወድቃለች። በእንግሊዝ አገር የከሰል ማዕድን ቆፋሪዎች እስከ እ.ኤ.አ. 1986 ድረስ ካናሪ የተባለችውን ወፍ ይዘው ይወርዱ የነበረው ለዚሁ ማስጠንቀቂያ ነው።

ጩኸታችንን የሰሙ አንዲት የመንዝ እናት ባናና ዝተት ተሸክመው መጡ። «ልጆቼ፣ የእኛ ቤት የጓሳ ክዳኑ ይተነፍሳል፤ የእናንተ ቆርቆሮ አይተነፍስም። በሱፍ ሙቁ እንጂ እሳት አታስገቡ» አሉን። በእርሳቸው ዝተት ተጠቅልለን፣ መስኮቱን ገርበብ አድርገን እስከ ሱብሒ አደርን።

ጠዋት ልጆቹ በቀቀኗን ቀበሯት። እኛም ለጎረቤታችን ደውለን ጥፋቱ የእኛ መሆኑን ሳንደብቅ ተናገርን። ጥቂት ዝም ብለው፣ «ልጆቹ ደኅና ናቸው?» አሉ።

ውድ አንባብያን፣ እኛ ወፎቹን የጠበቅን መስሎን ነበር፤ አላህ (ሱ.ወ) በአንዲት ደካማ ፍጡር ሰበብ እኛን ጠበቀን። በመኪናም ሆነ በጠባብ ክፍል ለምትተኙ ሁሉ ምክራችን አንድ ነው፤ ከመተኛታችሁ በፊት የከሰሉን ምድጃ አውጡ።