ከ4 ሜትር ወዲህ

በልጅነት አልበሜ ውስጥ ቤት ውስጥ የተነሳሁት አንድም ፎቶ የለም። ልደት የለም፣ ኬክ የለም፣ አባቴ ጉልበት ላይ የተቀመጥኩበት የለም። ሁሉም ደጅ የተነሱ ናቸው። ከኋላዬ ቅጠል ላይ ያረፈው ብርሃን መሃሉ ባዶ የሆነ ዶናት ይመስላል። ጓደኞቼ "ምን ፊልተር ነው?" ይሉኛል።

ፊልተር አይደለም። ኤምቲኦ-500 የሚባል የመስታወት ሌንስ ነው። አባቴ በደርግ ጊዜ ሶቭየት ኅብረት ተምሮ ሲመለስ ከዜኒት ካሜራው ጋር ይዞት መጣ። ባለፈው ክረምት ቁም ሳጥን ላይ አቧራ ለብሶ አገኘሁት። ከፊት ሲያዩት መሃሉ ላይ ጥቁር ክብ አለ። የተበላሸ መስሎኝ ነበር።

500 ሚሊሜትር የሆነ ተራ ሌንስ ክንድ ያህል ሊረዝም ይችላል። ይሄኛው ግን ብርሃኑን ስለሚያጥፈው አጭር ነው። ከፊት የገባው ብርሃን ኋላ ካለው ትልቅ መስታወት ነጥሮ ወደ ፊት ይመለሳል፤ ከጥቁሩ ክብ ጀርባ ካለችው ትንሽ መስታወት እንደገና ይነጥርና በትልቁ መስታወት መሃል ባለው ቀዳዳ አልፎ ፊልሙ ላይ ያርፋል። ትንሿ መስታወት መሃሉን ስለምትጋርድ ፎከስ ውስጥ ያልገባ የብርሃን ነጥብ ሁሉ ቀለበት ይሆናል። የንድፉ ባለቤት ዲሚትሪ ማክሱቶቭ ነው። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1941፣ ጦርነቱ ከሌኒንግራድ ሲያስወጣው፣ ለትምህርት ቤት የሚሆን ርካሽ ቴሌስኮፕ እያሰበ ነበር።

ግትር ሌንስ ነው። አፐርቸሩ ኤፍ 8 ላይ እንደተገተረ ነው፤ አይሰፋም፣ አይጠብም። 500 ሚሊሜትርን በእጅ ይዞ ለማንሳት ቢያንስ 1/500 ሰከንድ ያስፈልጋል፤ የአባቴ ዜኒት ደግሞ ከ1/500 በላይ አይፈጥንም። ቤት ውስጥማ አይታሰብም። ከ4 ሜትር የቀረበ ነገር ላይ ፎከስ አያደርግም። አንድ ልጅ ከእግር እስከ ራሱ እንዲገባ 20 ሜትር ያህል መራቅ ግድ ነው።

ይሄን ሳሰላ ነው የደነገጥኩት። ፎቶዎቹ ቅርብ ይመስላሉ፤ አባቴ ግን መንገድ ማዶ ነበር። እኔም የማስታውሰው እንደዛ ነው። እናቴ እጄን ይዛ፣ እሱ ዳር ቆሞ። "አባቴ ሰው መቅረብ አይችልም" እያልኩ ለስንቱ አውርቻለሁ።

አንድ ቀን ጠየቅኩት። "አባዬ፣ ግን ሌላ ሌንስ አልነበረህም?"

"ነበረኝ እንጂ። ከካሜራው ጋር የመጣው ትንሹ። አንቺ የተወለድሽ ሰሞን ሸጥኩት።"

"ለምን?"

"እናትሽ በኦፕራሲዮን ነው የወለደችሽ። ብር አጠረን።" ትንሽ ዝም አለና ሳቀ። "ትልቁንም ወስጄው ነበር እኮ። ፎቶ አንሺው መሃሉ ተደፍኗል ብሎ እምቢ አለኝ።"

ምን እንደምለው ጠፋኝ። እውነቱን ለመናገር ሁሉንም ነገር ሌንሱ ላይ መደፍደፍ አልችልም፤ ካሜራ ባልያዘበት ቀንም ዳር መቆም ይወድ ነበር። ግን ከዛ በኋላ ያንን ወሬዬን ለማንም ደግሜ አላወራሁም።

ከውጭ የመጣልኝ ባለ 400 ጥቁርና ነጭ ፊልም ነበረኝ። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ስትወጣ አባቴን ግቢ ውስጥ ኮባው ፊት አስቀመጥኩት። ካሜራውን ትሪፖድ ላይ ሳስር አየኝና ተነስቶ ስድስት እርምጃ ወደ ኋላ ለካልኝ። "እዚህ ጋ ቁሚ። ስትጫኚው ትንፋሽሽን ያዢ።"

ከ36ቱ የወጡልኝ ሦስት ናቸው። በዚያ ርቀት የሚጠራው ጥቂት ሴንቲሜትር ብቻ ስለሆነ በምወደው ፎቶ ላይ ጆሮው ጠርቶ ዓይኑ ደብዝዟል። ከጀርባው የዝናቡ ጠብታ ሁሉ ቀለበት ሆኗል።

ፊልሙ ሲያልቅ ካሜራውን እዚያው ትቼ ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ። የዚያን ፎቶ የለኝም።