ደባርቅን በእግር

ስለ ደባርቅ የተጻፈ ነገር ስትፈልጉ የምታገኙት ስለ ስሜን ተራሮች ነው። ተራሮቹ በ1978 (እ.ኤ.አ.) በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል፣ ዋልያና ጭላዳ አላቸው፣ ምን ይደረግ! ከተማዋ ግን ቱሪስት እንደልቡ በሚመጣበት ጊዜ እንኳ በፓርኩ ጽሕፈት ቤት ተመዝግቦ፣ ስካውትና በቅሎ ይዞ የሚያልፍባት በር ብቻ ነበረች። እኔ አክስቴ እዚያ ስለምትኖር በሩ ላይ ቆም ብዬ የማየት ዕድል አለኝ።

ደባርቅን ለማወቅ ካርታ አያስፈልግም፤ እግር ይበቃል። ከጎንደር በዳባት በኩል የሚመጣው አስፋልት ከተማዋን መሐል ለመሐል ሰንጥቆ ወደ ሊማሊሞ ያልፋል። በዚህ አንድ መንገድ ላይ የማይሄድ የለም፦ ባጃጅ፣ እህል የጫነ አህያ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ በግ የሚነዳ ልጅ፣ ጋቢውን የተከናነበ ሽማግሌ (2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነን፤ ብርዱ አይቀለድበትም)። ብስክሌትም አለ፣ ጥቂት። የሚነዱት ወንዶች ናቸው። ደግሞ አይሱዙው አለ። አይሱዙ ለምን «አልቃይዳ» እንደተባለ ያልገባው ሰው መጥቶ ከአስፋልቱ ዳር ይቁም።

ከከተማዋ ወጣ ስትሉ ከአስፋልቱ ጎን ሌላ መንገድ ታያላችሁ። ማንም አልሠራውም፤ እግር ነው ያወጣው። መኪናው ሲጠማዘዝ እሱ ቀጥ ይላል። ሊማሊሞ ላይ ደግሞ ይብሳል፦ ጣሊያን በአምስቱ ዓመት ወረራ ጊዜ የሠራው መንገድ ገደሉን እየዞረ ወደ ዛሪማ ሲወርድ፣ እግረኛው ያንን ሁሉ ዙር በአቋራጭ ይቆርጠዋል። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ከአዲአርቃይ በኩል ያፈናቀለው ሕዝብ ወደ ደባርቅ የወጣው በዚሁ አቀበት ነው። እኔ ባዶ እጄን ወጥቼው ልቤ ጉሮሮዬ ደርሳለች፤ ልጅ አዝሎ እንዴት እንደሚወጣ አላውቅም።

ከዳባት በሚያስገባው በኩል የባሕር ዛፍ እንጨት የተሸከሙ እናት አገኘሁ። ወገባቸው ጎብጦ ፊታቸው መሬት መሬት ያያል።

«እማማ፣ ትንሽ አይረፉም?» አልኳቸው።

«የኔ ልጅ፣ ካወረድሁት ማን ያሸክመኛል?»

ስለዚህ አያወርዱም። አንድ የድንጋይ አጥር ያውቃሉ፤ ሸክሙን እሱ ላይ ደገፍ አድርገው ቆመው ይተነፍሳሉ። መንገዱን የሚለኩት በኪሎ ሜትር ሳይሆን ከአጥር እስከ አጥር ነው ማለት ነው። አብሬያቸው ቆሜ ሳለሁ አንድ አይሱዙ ጡሩምባውን እየነፋ አለፈ፤ አቧራውን ተካፈልን።

አዲስ አበባ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማቱ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ተለይቶ ተሠርቶላታል። ሥራው ወደ ሌሎች ከተሞችም ወጥቷል። በብስክሌት መንገዱ አልከፋም፤ እንዲያውም የደባርቅ ሴት ተማሪ ብስክሌት ስትነዳ ማየት እፈልጋለሁ። ግን መሐንዲሱ ሜትሩን ይዞ ደባርቅ የመጣ ቀን ከሱቆቹ ፊት ለፊት ባይጀምር እወዳለሁ። እግር ባወጣው መንገድ ይሂድ። በየመቶ ሜትሩም አንዲት ወገብ ድረስ የምትደርስ ግንብ ያቁም፤ ሸክም ማሳረፊያ።

ይህንን ለአክስቴ ባወራላት ቡናውን እየቀዳች አዳመጠችኝና፣ «ደግ ነው» አለች። «ግንቡን አጥር አድርገው ካልዘጉት።»